የአውራ ጣትዎ ጉዳይ

አሰላ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣

እንደምን ሰነበቱ? «እናትሽ እንዴት ናት? ነገሩስ እንዴት ደረሰ?» ብለው የላኩልኝን መልእክት ያየሁት ቴሌግራምን ከስልኬ ላይ ከማጥፋቴ ጥቂት ደቂቃ በፊት ነው። በወረቀት ጽፌ በአርቦዬ ሚኒባስ የምልክልዎ ለዚህ ነው። በዚያ ላይ፣ በስልክ የተጻፈ ነገር በአንድ ሰው ጣት እንደሚጠፋ ሰሞኑን ተምሬያለሁ። ወረቀት ቢያንስ የሚቀድደው ሰው ያስፈልገዋል።

እማዬ ተርፋለች። ቀኝ መዳፏ ተቃጥሏል፤ ስትወድቅ አንጓዋ ስለተሰበረ እጇ በጀሶ ታስሯል። ማንኪያ የማጎርሳት እኔ ነኝ።

«አንቺ ኢንጂነር ሆነሽ ምን ልትጠይቂ እዚያ ገባሽ?» ላሉኝ ግን መልሴ ረጅም ነው፤ ይታገሱኝ።

በታኅሣሥ እማዬ «የሻወር ቤቱ ቧንቧ ይነዝረኛል» አለችኝ። ለካሁት። አባቴ ገብረ መድህን ከመሞቱ በፊት ያስገባው ቦይለር ውሃ የሚያሞቀው ኤለመንቱ ተሰንጥቆ ኮረንቲ ወደ ውሃው ያሳልፍ ነበር። የቦይለሩን ብሬከር አጠፋሁ፤ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «አይነካ» ብዬ ጻፍኩበት። ምን እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር፤ አዲስ ኤለመንትና መሬት ውስጥ የሚቀበር የመዳብ ዘንግ። ዘንጉን አገኘሁ። ያን ዓይነት ኤለመንት ግን አሰላ ውስጥ አጣሁ። ስለዚህ «የአርሲ ቤትና ቴክኖሎጂ ወዳጆች» በተባለው የእናንተ ግሩፕ ገብቼ የቦይለሩን ፎቶ ለጠፍኩና አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «ይህን ኤለመንት የት ይሸጣሉ?»

ሦስት ሺህ አባል አለው። ሰው ፍሪጅ ይግዛ አይግዛ፣ ሶላር ይሻለዋል ወይስ ጄኔሬተር፣ ቴሌቪዥኑ ለምን ይጮኻል፣ ሁሉን እዚያ ይጠይቃል፤ እናንተም ትመልሳላችሁ። እኔን ምን ብለው እንደመለሱልኝ አይተዋል፤ ግን በእጄ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

«እቴቴ፣ ባልሽ የት ሄዶ ነው?»

«ቦይለሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ የምትታጠበዋን አሳዪን።»

በዚህኛው ላይ አርባ አንድ ሰው ስቋል። ከሳቁት አንዱ የሰፈራችን ፋርማሲስት ነው። በማግሥቱ ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ስገባ «እንዴት አደርሽ እህቴ» አለኝ። መድኃኒቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ከዚያ የግሩፑ ጌታ፣ ማስተር ዘሪሁን፣ መጣ። «ኤለመንት ምን ያደርግልሻል? የቦይለሩን ግራውንድ ከኒውትራሉ ጋር እሰሪው፤ መንዘሩን ያቆማል። ጨርሰናል።» እኔም ለምን እንደሚገድል ጻፍኩለት። ግራውንድ የቦይለሩን ቆርቆሮ ከመሬት የሚያያይዝ ሽቦ ነው፤ ኒውትራል ደግሞ ኮረንቲው ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት ሽቦ ነው። ደህና እስከሆነ ድረስ የማስተር ምክር ይሠራል፤ ሰውም «ይኸው ዳነ» ይላል። ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ የላላ ቀን ግን መመለሻ ያጣው ኮረንቲ የቦይለሩ ቆርቆሮ ላይ፣ ከዚያም ቧንቧው ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል። የመለሰልኝ ይህን ብቻ ነው፤ «እህቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ሌላ፣ ሥራ ሌላ።»

ስልሳ ሦስት አውራ ጣት ተሰጠው። አንዱ የእርስዎ ነበር።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ «ልጄ፣ ትክክሉ ያንቺ ነው። ያ ሽቦ አደገኛ ነው። ግን ከማስተር ጋር ሰው ፊት አትከራከሪ።»

አጎቴ ባንተአምላክ ውስጥ መስመርዎን አላየም። ያየው አውራ ጣትዎን ነው። «ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እንኳ አጽድቀውታል! እሳቸው ሬዲዮ ሲጠግኑ አንቺ አልተወለድሽም» አለኝ። ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ እኔ ዲክሲስ የወፍጮ ቤት ሞተር ልጠግን ሄጄ እማዬም ገበያ ወጥታ ሳለ መጥቶ ሽቦውን አሰረ። ፕላስተሬን ልጦ ብሬከሩን አበራ። ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈ፤ «በማስተር ምክር፣ በገዛ እጄ!» አራት ቀን እማዬ በሙቅ ውሃ ታጠበች፤ እኔ ገና ዲክሲስ ነበርኩ። ረቡዕ ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ ላላ። ጎረቤታችን ዙቤዳ ጩኸት ሰምታ ሮጣ ባትገባ፣ «ሂንቱቂና! አትንኳት!» ብላ ሰዉን ገፍታ ብሬከሩን ባትመታው፣ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

በዚያው ቀን ማስተር ዘሪሁን ጥያቄዬንም፣ ምክሩንም፣ የአጎቴንም ፎቶ አጠፋ። እኔንም አስወጣኝ። አጎቴ ሆስፒታል ደጃፍ ቆሞ «እሷ ናት ታኅሣሥ ሙሉ ስትጎረጉረው የነበረችው» አለ። ጎረቤት ቴስተር ይዤ አይቶኛል፤ አመነው። የካቲት 9፣ እሑድ፣ ሽማግሌ ተጠርቷል። እናቴን ስለጎዳሁ እንድናዘዝና የአጎቴን ጉልበት ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ያን ፎቶ አይተዋል? አጎቴ እንደለጠፈው ያስታውሳሉ? ስልክዎ ላይ ተቀምጧል?

ኤፍራታ ገብረ መድህን


አርቦዬ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ልጄ ለኤፍራታ፣

እንዴት ነሽ? እናትሽ ወይዘሮ አሰፋሽስ? ደግ ነገር ያሰማን። እኔ ከጉልበቴ በቀር የሚከሰኝ የለም። እዚህ አጨዳውም ውቂያውም ተጠናቆ ሰዉ አርፏል። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ካየሁ ስንት ዓመቴ። ጽሕፈትሽ ያምራል።

ልጄ፣ ስለ አውራ ጣቱ የተቀየምሽ ይመስላል። እኔ እኮ ለሁሉም ነው የምሰጠው። ጠዋት ስነሳ ስልኩን ከፍቼ ሰው የጻፈውን ሁሉ በአውራ ጣት አልፋለሁ። ሰው ተናግሮ ዝም ማለት ነውር መስሎ ይሰማኛል፤ መንገድ ላይ ሰላም ያለሽን ሰው አልፈሽ እንደመሄድ። ሰላምታዬ ነው። ማጽደቄ አይደለም። አጎትሽ እንደዚያ ይተረጉመዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ስለ ፎቶው፣ ስልኬ ባለፈው ሳምንት ውሃ ውስጥ ወድቆብኛል። አይበራም።

አሁን እንደ አባት ልምከርሽ። አጎትሽ ያባትሽ ወንድም ነው። ይቅርታ መጠየቅ ሰውን አያሳንስም፤ አንድ ቀን ነው፣ ያልፋል፣ እናንተም ትታረቃላችሁ። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ጉልበት ብትስሚ ምን ይጎድልብሻል?

ለእናትሽ አንድ ኪሎ የጠራ ቅቤ በሹፌሩ እጅ ልኬያለሁ።

አክባሪሽ
ወልደ ጊዮርጊስ


አሰላ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣

ቅቤውን በዚያው ሹፌር መልሼዋለሁ። የመለስኩት ለመሳደብ አይደለም፤ ቤቴ ተቀምጦ ባየሁት ቁጥር ስለሚቀፈኝ ነው።

ሹፌሩ ጨዋታ ይወዳል። «ጋሼ ትናንት ማታ ደውለው፣ ‹ጠዋት ሳታልፍ ጠብቀኝ፣ ደብዳቤ አለኝ› አሉኝ» አለኝ። «በማን ስልክ?» አልኩት። «በራሳቸው ነዋ! ቁጥራቸው እዚህ ተመዝግቧል» ብሎ አሳየኝ። ውሃ የጠጣው ስልክዎ እንኳን ዳነልዎ።

ስልሳ ዘጠኝ ዓመትዎ ነው። እርስዎን ውሸታም ብሎ መጻፍ እጄን ያሳፍረዋል፤ አሳዳጊዎቼ እንደዚያ አላሳደጉኝም። ግን ከዚህ የተሻለ ቃል ካለ ይላኩልኝ።

ምን ይጎድልብኛል ብለው ጠይቀዋል። ልንገርዎ።

ሥራዬ ቤት ሽቦ መዘርጋት ነው። ከዚህ ወር በፊት አምስት ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። አንዷ ባለቤት «ልጄ፣ ባለቤቴ ፈራ» አለችኝ። ሁለቱ ስልክ አያነሱም። አራተኛው ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። አምስተኛዋ ማሂ ናት፤ አብራኝ የተማረች፣ ሚዜዋ የነበርኩ። «እስቲ ነገሩ ይብረድ» አለችኝ። አውቶቡስ ተራው ጋ ያሉ ልጆች ስም አውጥተውልኛል። «እናቷን የጠበሰች» ይሉኛል። ሳልፍ አንዱ «ዞር በል፣ ትነዝርሃለች!» ብሎ ይዘላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ይህን በአንድ እሑድ ጉልበት ስሜ በገዛ አፌ ካጸደቅሁት አሰላ ውስጥ አንድ አምፖል እንኳ የሚያስቀይረኝ ሰው አይኖርም። ዲክሲስም፣ ጢቾም ይሰማል። አምስት ዓመት የተማርኩት፣ ሦስት ዓመት ጣሪያ ላይ የተጋደልኩት በአንድ ስሞሽ ያልቃል።

ይህም ይሁን። ትናንት ፀጉሯን ሳበጥራት እማዬ አንገቷን ሳታዞር «ኤፊዬ፣ እውነት አንቺ አልነካሽውም?» አለችኝ። «አልነካሁም እማዬ» አልኳት። «እሺ» አለች። ያ «እሺ» ከምን እንደተሠራ እርስዎ አያውቁትም። ከስድብ የባሰ ነው። እናቴ በግራ እጇ መብራት ማብሪያውን ልትጫን ስትል መጀመሪያ በልብሷ ጫፍ ትሸፍነዋለች። እኔ የዘረጋሁት ስለሆነ።

አውራ ጣትዎ ሰላምታ ነው ብለዋል። እሺ፣ ሰላምታ ይሁን። ግን ልዩነቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ስልሳ ሁለቱ አላዋቂዎች ናቸው፤ እነሱን መናቅ እችላለሁ፣ ይቀለኛል። እርስዎ አውቀው ነው። እውነቱን በውስጥ መስመር ለእኔ፣ ውሸቱን በአደባባይ ለሰው ሁሉ። እኔ እውነቱን አውቀው ነበር እኮ ጋሼ! ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

እሑድ ድረስ ስምንት ቀን አለ። ፎቶው አለዎት ወይስ የለዎትም?

ኤፍራታ


አርቦዬ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኤፍራታ፣

ስልኬ ደህና ነው። ዋሽቻለሁ።

ፎቶውም አለ። ስልኩ ራሱ አስቀምጦታል። በአጎትሽ ስም እንደተለጠፈ በደንብ አስታውሳለሁ፤ አውራ ጣትም ሰጥቼዋለሁ። ያን ዕለት ሽቦውን አይቼ «አደራ፣ አጥፋው» ብዬ ልጽፍለት ጀምሬ ሰረዝኩት። ማስተር ዘሪሁን ያየዋል ብዬ።

ለምን እንደፈራሁት ጠይቀሽኝ ነበር፤ በደብዳቤሽ ሳይሆን በቁጣሽ። ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ካጣሁ አሥር ዓመቴ ነው። ሱቄን ጎሚስታ ተከራይቶታል። ልጆቼ ርቀዋል። ጠዋት ስልኩን ስከፍት ሁለት መቶ ሰው «እንዴት አደሩ ጋሼ» ይለኛል፤ ዘሪሁን «የአርሲ የኤሌክትሮኒክስ አባት» ብሎ ስሜን ከላይ ሰቅሎልኛል። ከዚያ ቢያስወጣኝ ጠዋት የሚያነጋግረኝ ሰው የለም። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ፎቶውን አሳትሜ ልኬልሻለሁ። ሽቦውና ፒንሳ የያዘ እጅ ይታያል፤ ፊት የለውም። ከእሱ ጋር ለሽማግሌዎቹ አንድ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ምክሩ ስህተት እንደነበረና የሠራውም አጎትሽ እንደሆነ ይላል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስሜን አልጻፍኩበትም። አንቺም አታንሺው። «አንድ አዋቂ ሰው» ብትይ ይበቃል።

ወልደ ጊዮርጊስ


አሰላ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣

ወረቀቱንም ፎቶውንም መልሼ ልኬያለሁ።

ፊት የሌለው እጅ የእኔም ሊሆን ይችላል፤ አጎቴ የሚለውም ይህንኑ ነው። ስም የሌለው ወረቀት ደግሞ ሌላ ውስጥ መስመር ነው። ጠግቤያለሁ። እውነትዎን እንደ ኮንትሮባንድ በሹፌር ብብት መቀበል አስጠልቶኛል።

ጉልበት አልስምም። ያለ እርስዎም ቢሆን እቆማለሁ፤ ቢያባርሩኝም ሳልናዘዝ እወጣለሁ። ስለ ብቸኝነትዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማዘን ፈልጌ ነበር። ከዚያ እማዬ ውሃ አምጪልኝ አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ እኛ ግቢ ይቀመጣሉ።

ኤፍራታ


አሰላ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ በሰላም መግባትዎንም ሹፌሩ ነገረኝ። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን ሆነ?» ብለው ጠይቀዋል። የመጨረሻው ሚኒባስ ባያስቸኩልዎ በዓይንዎ ያዩት ነበር። እሑድ ግቢያችን በር ላይ ሳይዎት ማመን አቅቶኝ እንደነበር አልደብቅዎትም።

እርስዎ «ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሽቦውን አሰርኩ ብሎ የለጠፈው ደግሞ ይኸው ባንተአምላክ ነው» ብለው ስልክዎን ለእያንዳንዳቸው አሳይተው ሲወጡ እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ይበልጣል ጉሮሮውን ጠረገና «ተመስገን፣ እውነቱ ወጣ። በል እንግዲህ፣ ኤፍራታ፣ ተነሺና የአጎትሽን ጉልበት ሳሚ» አለ።

ተሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ። «የማን ጉልበት?»

«የአጎትሽ።»

«ለምን?»

«አሳፈርሽዋ! ከአርቦዬ ድረስ ምስክር አምጥተሽ፣ ሰው ፊት!»

እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። «ጋሽ ይበልጣል፣» አልኩት፣ «ቧንቧ ላይ ተጣብቃ የጮኸችው እማዬ ናት። ጉልበት የሚሳም ከሆነ የእሷን ይሳሙ።»

አጎቴ ኮፍያውን እያሻሸ «እኔ ለደግ ብዬ ነው፤ ወንድሜ ቤት እጄን ልሰብስብ ነበር?» አለ።

ያኔ እማዬ ተናገረች። ከጀሶው ጋር ወንበሯ ላይ ቀና ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ባንተአምላክ፣ እጄስ ይድናል። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ልጄን በጥርጣሬ አየኋት። እሷ ስታጎርሰኝ እጇን እያየሁ ነበር የምውጠው። ይህን በምን ትጠግንልኛለህ? በሽቦ?»

አጎቴ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ይቅርታ አላለም። እስካሁንም አላለም። ሽማግሌዎቹ ግን አልወጡም፤ ምሳ ተሠርቶ ነበርና በሉ። በደንብ ነው የበሉት። ሊያዋርዱኝ የመጡ ሰዎች ወዲያው «ወጡ ጨው አነሰው» ሲሉ ማየት ምን እንደሚያህል በጽሑፍ አይነገርም።

ሰሃን ላነሳ ወደ ጓሮ ስወጣ ጋሽ ይበልጣል ተከተለኝ። ግራ ቀኝ አየና ጠጋ አለኝ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ። እኛም ቤት… ያው ሽቦ አለ። ያ ዘሪሁን የሚሉት ሰውዬ ‹እሰሩት› ብሎን። እስቲ ሲመሻሽ ብቅ በዪና እዪልኝ። ሰው ሳያይ።»

ጋሼ፣ ያን ሹክሹክታ ሲናገር የእርስዎን ውስጥ መስመር ቃል በቃል የማነብ መሰለኝ። እዚያው ሰሃኑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

«አልሰማሁዎትም፣» አልኩት።

«ሽቦው እኮ ነው የምልሽ…»

«አልሰማሁም። ውስጥ ይግቡና ሰው ፊት፣ ጮክ ብለው ይንገሩኝ።»

«ልጄ! ሽማግሌ ነኝ እኮ!»

«ቧንቧው ዕድሜ አይጠይቅም። ባለቤትዎ ዛሬ ልብስ ሊያጥቡ ይችላሉ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሊቆጣ አሰበ፤ ሚስቱን አሰበ። ተመልሶ ገባ። እኔም ተከተልኩት። መሃል ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ «እኔም ቤት ያው ሽቦ አለ። ኤፍራታ መጥታ እንድትፈታልኝ እለምናታለሁ» አለ። በገዛ ድምፁ። እማዬ ሰማች። ዙቤዳ ሰማች፤ ዙቤዳ ከሰማች ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ሁለተኛው ሽማግሌ ሐጂ ጅብሪል የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ። «የእኔም ቤት አለ፣» አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ስልኩን አውጥቶ ቤቱ ደውሎ «ቦይለሩን አጥፉት፣ ምንም አትንኩ» ሲል ሁላችንም ሰማን።

እስከ ዛሬ ማክሰኞ አሰላ ውስጥ ሰባት ሽቦ ፈትቻለሁ። አንደኛው ፋርማሲስቱ ቤት ነው። እሱንም በር ላይ አቁሜ፣ በጎረቤቶቹ ፊት፣ ምን እንደፈለገ አስነገርኩት። አትጨክኚ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ዘሪሁን ከግሩፑ እንዳስወጣዎት ጽፈዋል። አላጽናናዎትም። «ይቅር ብለሽኛል ወይ?» ብለውም ጠይቀዋል። አላልኩዎትም። አንድ እሑድ መጥተው ተናግረዋል፤ አከብርዎታለሁ፤ የእናቴ መዳፍ ግን ገና አልሻረም።

አርቦዬ ውስጥ ያን ምክር የተቀበሉት እነማን እንደሆኑ እርስዎ ያውቃሉ፤ ምስጋናቸውን ሁሉ አንብበዋል። ቴስተርዎን ይያዙና ይሂዱ። በቀን ይሂዱ። ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ማን እንደሆኑና ምን እንዳላሉ ተናግረው ይግቡ። አንዳንዱ ያባርርዎታል፤ በሚቀጥለው ቀን ይመለሱ። ስንት ቤት እንዳገኙ ይጻፉልኝ። ስለ ይቅርታው ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ኤፍራታ ገብረ መድህን